ባንዲራውን የተጫንን ዕለት

እኔ አርፎ መቀመጥ ያልተሰጠኝ ሰው ነኝ። እናቴ ሆድ ውስጥ ሳለሁ ገና በስድስተኛው ወር በር አንኳኩቼ «ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ!» ተብያለሁ ይባላል፤ ይባላል የምለው እኔው ነኝ። ኤስ-ባን ውስጥ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ባቡሩን የምገፋው እኔ ይመስል። አንድ ማሽን «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለውን ጽፎ ሳይጨርስ አራት ጊዜ ተጭኜዋለሁ። ይህንን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወደ በኋላ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ክርክር ስለሚነሳ ነው፤ ተጠርጣሪውን ከወዲሁ እወቁት።

ሥራዬ ፍሉግሃፈን ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መስተዋትና ስክሪን እወለውላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው» እላለሁ። ሐሰት የለበትም፤ በቀን ሁለት መቶ ኮምፒውተር ላይ እሠራለሁ፣ በጨርቅ። ይህቺ ጉራ ናት አንድ የጥር ማለዳ ስልኬን ያስጮኸችው።

«አንተ ልጅ!» አሉኝ ጋሽ ዘውዴ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለሳቸው ግን ልጅ ነኝ። «ያ የዓይን ሐኪም ፕራክሲሱ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ማሽን ገትሯል አሉ። መምጣትህን ለሰው ሳይሆን ለሱ ነው የምትናገረው። አንተ ኮምፒውተር ላይ አይደል የምትሠራው? ነገ ቴርሚን አለኝ፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«ምን ችግር አለ ጋሼ! እንዲህ ያለው ማሽን እኔን ሲያይ ብድግ ይላል» አልኩ። አፍ አጥር የለው።

ጋሽ ዘውዴን ላስተዋውቃችሁ። ሮደልሃይም በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እሳቸው ሁለተኛ ፎቅ፣ እኛ አራተኛ። ድሮ ለትምህርት ጀርመን መጥተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲገለበጥ እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጓደኛቸው ንባብ ነው፤ ጋዜጣ ከያዙ ከፊት ገጹ ተነስተው እስከ ጠፋ ድመት ማስታወቂያ ድረስ ሳይጨርሱ አያስቀምጡም። ክፋቱ ዓይናቸው ግፊት አለበት። ሐኪሙ «በየሦስት ወሩ ካልለካሁት ሳያምዎት፣ ሳይነግርዎት፣ ቀስ ብሎ ይወስድብዎታል» ብሏቸዋል። እንግዲህ ለሳቸው አንድ ቴርሚን አለፈ ማለት ቀጠሮ አለፈ ማለት ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ደረስን። ድሮ እንግዳ ተቀባይዋ ፍራው ኬለር በስማቸው እየጠራች የምትቀበልበት መስኮት ተዘግቶ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሴትዮዋ ከመስተዋቱ ጀርባ ስልክ ይዛ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ በጣቷ ወደ ማሽኑ ጠቆመችን። ማሽኑ ቁመቱ እኔን ያክላል፤ ነጭ ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ሙሽራ ሚዜ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ አንድ ሐኪም ፈገግ ብሎ እጁን ዘርግቷል። ጋሼ ጨዋ ሰው ናቸው፤ የተዘረጋ እጅ አይተው አያልፉም። እጁን ተጫኑት። ምንም የለም። ደግመው ተጫኑት።

«ሥዕል ነው ጋሼ።»

«ሥዕል ከሆነ እጁን ለምን ይዘረጋል?»

ጥያቄው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ከሐኪሙ ሥር ምስር ምስር የሚያካክሉ ባንዲራዎች ተደርድረዋል፤ ቋንቋ መምረጫ መሆናቸው ነው። ጋሼ ጀርመንኛውን ከጀርመኖቹ አብልጠው ያውቁታል፤ እኔም እንደ ነገሩ ነኝ። የጀርመኑን ተጭነን መገላገል እየቻልን ዓይኔ አንዱ ላይ አረፈ። አረንጓዴ! ቢጫ! ቀይ!

«ጋሼ! ባንዲራችን!»

«የታለ?»

«ይኸው! እኛንም አስገብተውናል!»

ጋሽ ዘውዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላችን የተሰለፉ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊትም ነገሩ ባይገባቸውም ለአክብሮት ቀጥ ብለው ቆሙ። እንግዲህ ቀለሙ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደረ ማን ይቆጥራል? ሰው አገር ብዙ ዓመት ኖሮ ቀለሙን ያየ ሰው፣ ዘመዱን አውቶቡስ ውስጥ እንዳየ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ይጣራል፤ የሌላ ሰው ልጅ መሆኑን የሚያየው ከተጣራ በኋላ ነው። ተጫንኩት።

ጽሑፉ ተለወጠ፤ ፊደሉ ግን ላቲን ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ለጠፉ።

«ይኸ አማርኛ አይደለም» አሉ።

«አይደለም» አልኩና ዕድሜ ልኬን የማፍርበትን ምርምር አካሄድኩ። ባንዲራው የኛ ነው። ፊደሉ ላቲን ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ የአገራችን ቋንቋ ደግሞ... «ኦሮምኛ ነው ጋሼ!»

«እውነትህን ነው!» አሉ መሐንዲሱ። መሃይም ሲሳሳት ዝም ብሎ ነው፤ ሁለት የተማርን ነን ባዮች ስንሳሳት ግን በማስረጃ ነው።

ፍሉግሃፈን ሻንጣ ክፍል የሚሠራ ቶለሳ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ደወልኩለት።

«ቶሌ፣ አንድ ነገር ላንብብልህና ተርጉምልኝ።» እየተንተባተብኩ አነበብኩለት። ከጀርባው የሻንጣ ማጓጓዣው ይንኳኳል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ኦሮምኛ ነዋ!»

«የት አገር ኦሮምኛ?»

«ያንተ!»

«ስማ» አለኝ፣ «እኔ አምቦ ነው የተወለድኩት። እናቴ ክፉኛ ስትቆጣ እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ምን ጠጥተህ ነው በጧት?»

«ምናልባት የሌላ አካባቢ አነጋገር ይሆን?»

«የሌላ ፕላኔት አነጋገር ነው!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በኋላ እንደሰማነው ሊትዌኒያ የምትባል አገር አለች፤ ሦስቱንም ቀለማት ወስዳ፣ ቢጫውን ከላይ አድርጋ፣ በራሷ ደንብ ደርድራቸዋለች። ምንም አላልናትም። ያን ዕለት ግን መኖሯንም አናውቅ። ማሽኑ ደግሞ ሠላሳ ሰከንድ ካልተነካ ተስፋ ቆርጦ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ፈገግተኛው ሐኪም እጁን ይዘረጋል፤ ጋሼ ይጨብጡታል። እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ሰልፉ ደረጃውን ወርዷል። ተሰላፊው ሁሉ ዓይኑን የሚያመው ሰው ነው፤ እኛን ለማየት ግን ማንም አልተቸገረም። «ልርዳችሁ?» ያለም ነበር፤ «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው» ብዬ መለስኩት።

እግሬ መሬቱን መደብደብ ጀመረ። የጋሼን የሕክምና ካርድ ሰካሁለት፤ ታች አረንጓዴ ቁልፍ ብቅ አለ። አረንጓዴ ማለት እሺ ማለት ነው፤ የትም አገር እሺ ነው። ብቅ ሲል ተጫንኩት፣ ብቅ ሲል ተጫንኩት፤ አምስት ጊዜ እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ የሚያውቀው ሊትዌኒያዊ ብቻ ነው። ማሽኑ ደስ ብሎት አንዲት ወረቀት ተፋ፦ ክፍል ሦስት።

ክፍል ሦስት ገባን። ወንበሮቹ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አይበልጡም። ግድግዳው ላይ ዝሆን ኳስ ይጫወታል። ጋሽ ዘውዴ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጡ፤ እኔ በበኩሌ ዝሆኑ ፊት አሥራ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ነርሷ ብቅ ብላ «ለዓይን መንሸዋረር የተመዘገበው ሕፃን ዘውዴ የታለ?» አለች።

ጋሽ ዘውዴ ተነሱ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ነርሷ አየቻቸው፤ ወረቀቷን አየች፤ ከኋላቸው የተደበቀ ልጅ ካለ ብላ ጎንበስ አለች።

የሳቸው ሰዓት አልፏል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ገብቷል። ፍራው ኬለር ፊቷ ቀልቶ እየሮጠች መጣች።

«ሄር ዘውዴ፣ መምጣትዎን እኮ አይቻለሁ! ግን ማሽኑ በትክክል ካልነገረኝ መዝገብዎ አይከፈትልኝም።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን ደፉ። «ፍራው ኬለር» አሉ፣ በጣም በቀስታ፣ «ሃያ ዓመት በዚህ በር ስገባ የሚያውቁኝ እርስዎ ነዎት። በዓይንዎ አይተውኝም 'አልመጡም' ካሉኝ፣ እንግዲያውስ አልመጣም።»

ወጡ። እስከ ቤት ድረስ ከኔ ሁለት እርምጃ ቀድመው ሄዱ። ቢሰድቡኝ እንዴት በተሻለኝ!

ባለቤቴ ታሪኩን ስነግራት አልሳቀችም። እኔ ዝሆኑ ጋ ስደርስ ትስቃለች ብዬ ነበር። «የሳቸው ዓይን ቢጠፋ» አለች፣ «በየማለዳው ወርደህ ዳዊቱንም ጋዜጣውንም የምታነብላቸው አንተ ነህ። ከነድመቱ።»

ፍራው ኬለር በር ላይ አንድ ወረቀት አስጨብጣኝ ነበር። ማሽኑ እስከ ፋሲካ ለሙከራ የቆመ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ኦስትኤንድ የሚባል ሰፈር ቢሮ አላቸው፤ እየሞከረ ሐሳቡን የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሰው ካላማረረበት ግን እንዳለ ይቀራል፤ መስኮቱም እንደተዘጋ። ወረቀቱን ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ።

«ሄጄ ልክ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ ጋሼ!»

«አንተ? አንተ እኮ ሰው ፊት 'አይ' ብለህ አታውቅም።»

«ያያሉ!»

«አያለሁ። ማሽኑ ካልተለወጠ ግን እግሬን አላነሳም፤ እንዳትለምነኝ።» በሩን ዘጉት።

ሦስት ቀን ስድብ ተለማመድኩ። ፍሉግሃፈን ስክሪን እየወለወልኩ «ይኸ ማሽን ነው? ይኸ የተገተረ ፍሪጅ ነው!» ስል ሁለት ተሳፋሪዎች ሌላ በር ፈልገው ሄዱ። ኦስትኤንድ ስደርስ ሊና የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለችኝ። ሥራዋ ሰውና ኮምፒውተር እንዳይጣሉ ማድረግ ነው፤ ሽማግሌ በሏት፣ ዕድሜዋ ባይፈቅድም። ወንበር ሳበችልኝ። ውሃ ቀዳችልኝ። ኬክ አቀረበችልኝ፤ ራሷ የጋገረችው። በቃ፣ አለቀልኝ! የሰው ኬክ እየተበላ የሰው ማሽን ይሰደባል? ይሉኝታ የሚባለው በሽታችንን እንደሆነ የጀርመን የጤና መድን አያውቀውም።

«የምንፈትነው ማሽኑን እንጂ እርስዎን አይደለም» አለችኝ። «ስለዚህ እየነኩ፣ እያሰቡ፣ ያሰቡትን ይናገሩ።»

እኔን ያሳደጉኝ «አስበህ ተናገር» ብለው ነው። እያሰበ የሚናገር በሰፈራችን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም ጠበል ወስደነዋል። ብቻ እዚያው ቢሮ በቆመው መንታ ማሽን ላይ ጀመርኩ። ሐኪሙ እጁን ዘረጋ።

«ምን እያሰቡ ነው?»

«ደስ የሚል ሐኪም ነው።»

«ባንዲራዎቹስ?»

«በጣም የሚያማምሩ ባንዲራዎች ናቸው።»

ሠላሳው ሰከንድ አለፈና ሁሉም ነገር ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«አሁንስ?»

«ይኸም ጥሩ ነው። ሰው... ከሥር ከመሠረቱ እንዲያስብ ዕድል ይሰጣል።»

«ምንም አላስቸገረዎትም?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ጣቴ ወፍራም ነው።»

ሊና እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የሚመጡት አዛውንቶች ሁሉ እንዲሁ ይሉኛል» አለች፤ ድምፅዋ ወረደ። «'እኔ ነኝ የማልችለው' ይላሉ። አለቆቼ ደግሞ 'ታዲያ ሰው ካላማረረ ምን ይለወጣል?' ይሉኛል። የኔ ሥራ እኮ ሰው ማሽን ፊት ቆሞ ራሱን እንደ ሞኝ እንዳይቆጥር ማድረግ ነው። ሲሳሳት በሰላም የሚመለስበት መንገድ ይኑረው፤ የት እንደደረሰ ይወቅ። ግን የቱ ጋ እንደሚያም የሚነግረኝ አጣሁ።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ኬኩ ይጣፍጣል» አልኩ። ጋሽ ዘውዴ በዚያች የሕፃን ወንበር ላይ ታዩኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። እጄ ሥራ ሲያጣ እኔን አያማክርም፤ ኪሴ ገብቶ ጨርቅ አወጣና ስክሪኑን ሊወለውል ሄደ። ጎንበስ ብዬ በጎን ሳየው ግን ቆምኩ።

«ዛሬ ስንት ሰው ነካው?» አልኩ።

«ከእርስዎ በፊት ስድስት። ምነው?»

«ስድስቱም ሐኪሙን ጨብጠውታል።»

«ምን አሉ?»

«ከዚህ ይዩት፣ ብርሃኑን በአግድም። እጁ ላይ የጣት ቅባት ተደራርቧል። ቁልፉ ያለው ታች ነው፤ ታች ግን ንጹሕ ነው፣ የደረሰበት ሰው ጥቂት ነው። ይኸኛው ደግሞ መመለሻ ፈልጎ ግራና ቀኙን ዳብሷል። ይኸውልዎት፣ እዚህ ሲያጣው በመዳፉ መትቶታል። ይህ ጣት አይደለም፤ መዳፍ ነው።»

ሊና ከወንበሯ ተነስታ አጠገቤ ተንበረከከች። እኔም ደስ አለኝና ቀጠልኩ። የሰው ማሽን መስደብ ነውር ነው፤ ስለ እድፍ መናገር ግን እንጀራዬ ነው። ለካ ይሉኝታ ጨርቅ ስይዝ ይለቀኛል! እድፉን ተከትዬ ሁሉን ዘረገፍኩላት፤ ባንዲራውን፣ ቶለሳን፣ ዝሆኑን፣ ሕፃን ዘውዴን። ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት ቆመችና «አሁን ዓይናቸው እንዴት ነው?» አለች።

«አልተለካም። አልሄድም ብለዋል።»

«እሳቸውን ማግኘት አለብኝ።»

እዚህ ላይ ነው መከራው። ጋሽ ዘውዴን ከቃላቸው ማንቀሳቀስ እሳቸው የሠሩትን ድልድይ እንደ መንቀል ነው። በራቸው ላይ ቆሜ «ለሕክምና አይደለም ጋሼ» አልኳቸው፣ «ለስድብ ነው የሚፈልጉዎት።»

«ማን ነው የሚፈልገኝ?»

«የሠሩት ሰዎች። እርስዎ ሲናገሩ ልጅቷ ትጽፋለች።»

«በጽሑፍ?» አሉ። ኮታቸውን አነሱ።

ፕራክሲሱ ሳይከፈት ማለዳ ተገናኘን። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማሽኑን ዞሩት፤ ስንጥቅ እንደሚፈልግ መሐንዲስ። ከዚያ ጀመሩ። «ድልድይ ሠርቼ ሰው ወንዝ ውስጥ ቢገባ፣ 'ለምን በዚህ በኩል ሄድክ' ብዬ አልቆጣውም። አጥር አደርጋለሁ! አጥራችሁ የታለ?» ሊና ጻፈች። «እጁን የዘረጋ ሰው እጁን ይስጥ፤ ካልሰጠ ይሰብስብ።» ጻፈች። «ባንዲራን ቋንቋ ነው ያለሽ ማን ነው? ባንዲራ ሲያዩት አንጎል ይቆማል። የቋንቋውን ስም በገዛ ፊደሉ ጻፊው።» ጻፈች፤ ወረቀት አለቀባት፤ ፍራው ኬለር በደስታ ሌላ አቀበለቻት።

«ሄር ዘውዴ» አለች ሊና በመጨረሻ፣ «ማሽኑ ምን እንዲያደርግልዎት ነው የሚፈልጉት?»

ጋሼ ጣታቸውን ወደ ማሽኑ ቀሰሩ። «መምጣቴን ይወቅልኝ» አሉ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እኔ ዕድል ያገኘሁ መስሎኝ «እንግዲህ ከመጡ አይቀር፣ እግረ መንገድዎን ሐኪሙ ጋ...» ስል፣ «ሲለወጥ ብያለሁ» አሉና ቁልቁል ወረዱ።

አምስት ሳምንት ጠበቅን። ጠበቅን ስል እሳቸው ጠበቁ፤ እኔማ ተንቆራጠጥኩ። ደረጃ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ጣቴን ዘርግቼ «ጋሼ፣ ይኼ ስንት ነው?» እላለሁ፤ «የቂል ጣት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም» ይሉኛል። ፍራው ኬለር ጋ በየቀኑ እደውላለሁ፤ ገና ድምፄን ስትሰማ «አዲሱ አልመጣም!» ትላለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤታቸው ገባሁ፤ ሻይ ሊቀዱልኝ ማንቆርቆሪያውን አነሱና ከስኒው ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ቀዱት። ጨርቅ አምጥተው ጠረጉ። የቀረውን ሻይ እኔው ቀዳሁ። ማታ ለሚስቴም አልነገርኳት።

በስድስተኛው ሳምንት ፍራው ኬለር ራሷ ደወለች። ሮጬ ወርጄ ጋሼን የጫማ ማሰሪያቸውን ሳያስሩ አስወጣኋቸው። ማሽኑ እዚያው ነጭ ልብሱን ለብሶ ቆሟል፤ ሐኪሙ ግን የለም፣ ባንዲራም የለም። ስክሪኑ ላይ ግማሹን የሚሞላ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ነገር ብቻ አለ፣ በላዩም በጉልህ «መጥቻለሁ» የሚል ጽሑፍ በጀርመንኛ። ጋሼ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ለመሳሳት ቢፈልጉ እንኳ ቦታ አልነበረም። ተጫኑት። መስኮቱ ውስጥ አንድ ነገር አቃጨለ፤ ፍራው ኬለር መስኮቱን ከፍታ «ሄር ዘውዴ! ይግቡ፣ ሐኪሙ እየጠበቀዎት ነው» አለች።

ጋሼ ግን አልገቡም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸማ ደወል ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ይግቡ።»

«ያን ሁሉ ተመራምረው ደወል ሠሩ?»

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይግቡ!»

«ጥሩ ደወል ነው» አሉና ገቡ።

አርባ ደቂቃ ያህል ወዲያ ወዲህ እያልኩ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች ራስ አዞርኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሳለሁ፤ እሳቸው አይደሉም። መጨረሻ ላይ ወጡ። የዓይን ጠብታ ተደርጎላቸው ብሌናቸው ሰፍቷል፤ የኮታቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ሁለት ጊዜ ሳቱት፤ በሦስተኛው እኔ ቆለፍኩላቸው።

«ምን አሉዎት?»

«ግራው ትንሽ ተነክቷል» አሉ። «'የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ደርሰንበታል' አለኝ። 'ሁለት ወር ቆይተው ቢሆን አብረን እናለቅስ ነበር' አለኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ያን አረንጓዴ የተጫንኩት እኔ...»

«ዝም በል። ሰኔ ላይ ቴርሚን አለኝ።» ክንዴን ያዙና ደረጃውን በጥንቃቄ መውረድ ጀመሩ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሙ። «ለዚያች ልጅ ደውልላት» አሉኝ። «እስከዚያ ድረስ አሻሽላለሁ ብላ ደወሉን እንዳትነካብኝ።»